ለእንግዳ ብቻ የሚከፈተው ላብራቶሪ

እህተማርያምን የሚያስጠይፋት ነገር ጥቂት ነበር። አባቷ ደሴ ቄራ የሥጋ መርማሪ ስለነበር ሳንባ ሲነፋ፣ ጉበት ሲገለበጥ እያየች ነው ያደገችው። ባዮሎጂ ያስመረጣትም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ዓመታት አስተምራ ናይሮቢ ስትመጣ ሁርሊንግሃም ከምትኖረው እህቷ ቤት ተጠግታ ሥራ ትፈልግ ጀመር። ያኔ ነው ብሮሸሩ እጇ የገባው። ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር የሂሳብና የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ክፍሉ በተማሪ አይጨናነቅም፤ የተሟላ ላብራቶሪ አለው፤ ልጆቹ በየተርሙ በገዛ እጃቸው ፕሮጀክት ይሠራሉ ይላል። ደግማ አነበበችው። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ በነበረ ብላ ቀናች።

የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ርዕሰ መምህርም አቶ ፊሊጶስ ናቸው። ቀድሞ ለአንድ አየር መንገድ ቲኬት ሲሸጡ የኖሩ፣ ሽቶአቸው ከእሳቸው ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሰው ናቸው። በደስታ ቀጠሯት።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ላብራቶሪው ተቆልፎ አገኘችው። በመስኮት ስታይ ማይክሮስኮፖቹ ከነፕላስቲካቸው ተደርድረዋል። ቁልፉን ብትጠይቅ አቶ ፊሊጶስ "ለጊዜው በሥዕል አስረጃቸው" አሏት። ለጊዜው የተባለው ዓመት ሞላው። ልጆቹ የሽንኩርት ህዋስ አይተው አያውቁም፤ ሥዕሉን ግን በቃላቸው ይዘውታል። ፈተና ላይ "ምን አያችሁ?" ሲባሉ ያላዩትን አሳምረው ይጽፋሉ። እሷም ታርማለች፤ ትክክል ነውና ሙሉ ማርክ ትሰጣለች። ወረቀቶቹን ስትሰበስብ እጇን መታጠብ ያምራት ነበር።

ወላጆች ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙበት ኦፕን ዴይ ሲቃረብ ቁልፉ ከኪስ ወጣ። ወለሉ ታጠበ፤ ለመምህራኑ እጥፋቱ ያልጠፋ ነጭ ጋዋን ታደለ። መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ እያነሳ የሚያስቀምጥ ሮቦት ክንድ ተቀመጠ፤ ከውጭ አገር ተገዝቶ የመጣ ነው። እህተማርያም ስትገባ አቶ ፊሊጶስ ጥጥ አሴቶን ነክረው የአምራቹን ስም እየፈተጉ ነበር።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለቻቸው።

"እያጸዳሁ ነዋ። ሀሴት ነች ፕሮጀክታችን ብላ የምታቀርበው። ልጅቷ አፍ አላት።"

"ሀሴት እኮ አልሠራችውም።"

"ትምህርት ቤቱ ገዝቶታል፤ ትምህርት ቤቱ ማለት ደግሞ ተማሪው ነው" አሉና ጥጡን ለወጡ።

ሀሴት ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ከክፍሉ ሁሉ ፈጣን፣ ለምን ማለት የማይሰለቻት ልጅ ናት። እህተማርያም በእሷ ተማመነች። ይቺ ልጅ እንዲህ ያለውን ውሸት ስትናገር ትንተባተባለች፤ ነገሩም ሁሉ እዚያው ፊት ለፊት ይጋለጣል ብላ ቀኑን በጉጉት ጠበቀች።

ቀኑ ደረሰ። ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሚሠሩ ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ ባለ ምግብ ቤቶች መጥተው ጠረጴዛውን ከበቡ። ሀሴት ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ ቆመች።

"የመጀመሪያው ሙከራችን አልሠራም" ብላ ጀመረች። "ቀጥሎም አልሠራም። አንድ ቀን ሞተሩ ተቃጠለና ሁላችንም ቁጭ ብለን አለቀስን።" እዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ቁልፉን ተጫነችው፤ ክንዱ ጠርሙሱን አነሳ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እናቷ ጽጌረዳ ዓይኗን በሶፍት ጠረገች።

የእህተማርያም አፍ ምራቅ ሞላ። ጋዋኗን እንደለበሰች ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ሄዳ ተፋች፤ ተጉመጠመጠች፤ ደግማ ተፋች። የቄራ ደም እንኳ እንዲህ አስተፍቷት አያውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሀሴትን ለብቻዋ ጠራቻት።

"ሞተሩ ተቃጠለ፣ አለቀስን በይ ያለሽ ማነው?"

"ማንም። ቲቸር፣ ፌይል ካላደረግሽ እኮ ስቶሪው ቦሪንግ ነው" አለች ልጅቷ።

"አላፈርሽም?"

ሀሴት ከልቧ ግራ ተጋብታ አየቻት። "ግን ቲቸር፣ አንቺም እኮ ጋዋን ለብሰሽ ማይክሮስኮፑ ጋ ቆመሽ ነበር። ፓረንትስ ሲጠይቁሽ ዝም አልሽ።"

ልጅቷ አንቺ ያለቻት ስለናቀቻት አይደለም፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አማርኛቸው እንዲሁ ነው። ነገሩ ግን ልክ ነበር። አንድ አባት ልጆቹ በዚህ ማይክሮስኮፕ ይሠሩ እንደሆነ ጠይቋት ፈገግ ብላ ነበር ያለፈችው። ያ ፈገግታ አሁን ፊቷ ላይ እንደ ቅባት ተለጥፎ ተሰማት።

በሳምንቱ ጽጌረዳን ኪሊማኒ ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ቀጠረቻትና ሳትደብቅ ነገረቻት። ጽጌረዳ አልደነገጠችም።

"አውቃለሁ እኮ" አለች፣ ጉርሻዋን ጨርሳ። "እቤት የሪሞት ባትሪ መቀየር የማትወድ ልጅ ሮቦት ሠራች ቢሉኝ አምናለሁ?"

"ታዲያ ያለቀስሽው?"

"እንዴት እንደተናገረች አላየሽም? እኔ ስብሰባ ላይ እጄን ለማውጣት ዛሬም ልቤ ይመታል። ልጄ ያ ሁሉ ሰው ፊት አልተንቀጠቀጠችም። የምከፍለው ለዚህ ነው።"

እህተማርያም ምግቡን መንካት አቃታት። ጽጌረዳ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያንገሸገሻትም ይኸው ነበር። የሚያታልል እንጂ የሚታለል ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ላብራቶሪው በአዘቦት ቀን ይከፈት፣ አለዚያ አልቀጥልም አለች።

"ከተከፈተ ይሰበራል" አሉ አቶ ፊሊጶስ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። "ከተሰበረ ለከርሞ ለወላጅ ምን ላሳይ?"

ተርሙ ሲያልቅ ለቀቀች። ካዋንግዋሬ በሚባለው የድሆች ሰፈር ተማሪ የሚተራመስበት ትምህርት ቤት ቀጠራት። ኃላፊው ገና ከበሩ ላብራቶሪ የለንም፣ እንዳትጠብቂ አሏት። ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ቀለል አላት፤ በሳምንቱ ልጆቹ ከጓሮው ቦይ ሊመረምሩት ውሃ በማሰሮ ቀድተው ሲያመጡ ክፍሉ ሸተተ፤ መስኮት ከፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከወራት በኋላ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሆና በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ስታልፍ አዲስ ቢልቦርድ አየች። እሷው ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ኦፕን ዴይ የተነሳችው ፎቶ። ደውላ እንዲያወርዱት ጠየቀች፤ እሺ አሏት፤ አላወረዱትም። መንገድ በተዘጋጋ ቁጥር ማታቱው እዚያው ፊት ለፊቷ ይቆማል፤ እሷም ጫማዋን ታያለች።

አንድ ጠዋት አጠገቧ የተቀመጠች ኬንያዊት ፎቶውንና እሷን አስተያይታ፣ በስዋሂሊ መምህርት ለማለት ሙዋሊሙ ብላ ጠርታት፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም ወይ አለቻት። ሂሳብ የሚወድ ልጅ አላት። ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?

"ሄደሽ ላብራቶሪውን ማንም እንግዳ በማይጠበቅበት ቀን አሳዩኝ በያቸው" አለቻት እህተማርያም። "ካላሳዩሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።"

ሴትዮዋ ከልቧ አመሰገነቻት። ከዚያ ማታቱው ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ብላ ስልኳን አወጣችና ቢልቦርዱ ላይ ያለውን የትምህርት ቤቱን ስልክ ቁጥር መዘገበች፤ ከመሄዷ በፊት ደውላ ቀጠሮ ልትይዝ።