መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት ዋጋ

በአምቦ ዙሪያ የድንችንና የገብስን ዋጋ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ያለ አይመስለኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ የገበያ ዋጋ የሚመዘግብ የመንግሥት ቢሮ የተቀጠርኩት በተላላኪነት ነው። ሎጋሪዝሙንም፣ እኩልታውንም፣ ባለ ዲግሪዎቹ ሲያዩት ርዕስ የሚለውጡበትን ስሌት ሁሉ ከአሮጌ መጻሕፍት ላይ ብቻዬን ተማርኩ። የሚያርመኝ ሰው ስላልነበረ ስህተቴን የማርመው እኔው ነበርኩ። አሁን ሳስበው ራሱ ይደክመኛል።

የገበያ ዋጋ መሰብሰብ የእኔ ሥራ ከሆነ ጀምሮ በየሳምንቱ ጊንጪ፣ ጉደርና ደጋ ላይ ያለችው ጎጆ ከተማ እመላለስ ነበር። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ነጋዴውን ጠይቀው ያላቸውን ይጽፋሉ። ነጋዴ የሚነግርህ ግን እንዲሆንለት የሚመኘውን ዋጋ ነው። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ሦስት ሽያጭ ሲፈጸም ሳላይ እስክሪብቶ አላወጣም። የጎጆ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው ቆሜ ጠብቄያለሁ። እዚያ ድንች የሚጭን አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ባየኝ ቁጥር ጆንያውን እንደተሸከመ ይቆምና፣

«ኦቦ፣ ዛሬም ሊጽፉ ብቻ ነው የመጡት? አንድ ቀን እንኳ አንድ ኪሎ ይግዙና እኛ ደግሞ እርስዎን እንጻፍዎት!» ይለኛል።

«እኔ ከገዛሁ ዋጋው ይወደዳል» እለዋለሁ።

ገበያ ላይ የምጽፈው በኪሴ በምይዛት ትንሽ ደብተር ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ በትልቁ ደብተር ላይ በጥቁር ቀለም አሳምሬ እገለብጠዋለሁ። የእጅ ጽሑፌን ያየ ሁሉ ማተሚያ ቤት የታተመ ይመስለው ነበር።

ከዚያ መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት መጡ። አንዳንዴ ክረምቱ የጎጆን መንገድ ይበላዋል። አንዳንዴ ደግሞ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይቀመጣል፤ መኪና የሚባል አይንቀሳቀስም። በእነዚያ ሳምንታት በኪስ ደብተሬ ላይ ሰረዝ አሰምርና ምክንያቱን በሁለት ቃል እጽፍ ነበር። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም። ችግሩ የመጣው ቢሮው ሥራውን በኮምፒውተር ሲያደርገው ነው። አዲሱ ፎርም ባዶ ሣጥን አይቀበልም። የአንድ ሳምንት ዋጋ ከጎደለ ቀይ ጽሑፍ ያወጣና አልሄድም ይላል።

ኃላፊያችን ዘንድ ሄጄ፣ «ገበያ አልነበረም፤ ምን ልሙላበት?» አልኩት።

«እርስዎ አዋቂ አይደሉ እንዴ? የሆነ ነገር ይሙሉበትና ይላኩት» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

«የሆነ ነገር» መሙላት ለእኔ ውርደት ነበር። ስለዚህ አሰላሁ። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት የነበረውንና ከተከፈተ በኋላ የመጣውን ዋጋ ይዤ፣ በመካከላቸው ያለውን ቀስ ብሎ እንዲታጠፍ አድርጌ፣ ወቅቱንም አስገብቼ ሞላሁት። ቁጥሩ ያምር ነበር። በትልቁ ደብተርም ላይ በዚያው ቀለም ገለበጥኩት፤ ባዶ መስመር ዓይኔን ይወጋኝ ነበርና ምልክት እንኳ አላደረግሁበትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቤቴ መጣች። አገሯ ደቡብ ነው፤ ጉደር ካምፓስ ታስተምራለች። ለሦስተኛ ዲግሪዋ፣ ኮምፒውተር ያለፈውን ዋጋ አንብቦ የሚመጣውን እንዲተነብይ እያሠለጠነች ነበር። ሕጉን ማንም አይነግረውም፤ ከቁጥሩ ውስጥ ራሱ ፈልጎ ያገኛል አለችኝ።

«ያለ አስተማሪ የሚማር ከሆነማ ዘመዴ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ትልቁን ደብተር ገልጣ ስታይ ግን ሳቋ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ፍለጋ ስንት ቢሮ እንደዞረች ነገረችኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ይሄ ሁሉ ገበያ ላይ የተሰበሰበ ነው? በግምት የተሞላ የለበትም?» አለችኝ።

«ልጄ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በእግሬ ሄጄ ነው ያመጣሁት።»

እንዲህ አልኳት። አንድ የተማረ ሰው ደብተሬን እንደዚያ አክብሮ ሲይዘው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ትልቁን ደብተር ተውሳ ወስዳ ሁለት ዓመት ሠራች። እየመጣች ታሳየኛለች፤ እኔም አንዳንዴ ስሌቷን አርምላታለሁ። ጥናቷን ኮሚቴ ፊት ልታቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ፣ የኮምፒውተሩ ትንበያ ይበልጥ ልክ የሚመጣው የት እንደሆነ ያውቃሉ? መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት! መቼ መቼ እንደተዘጋ በግርድፉ ከመንገድ ቢሮ አግኝቼ አስተያየሁት። አማካሪዬ ‹ዋናው ግኝትሽ ይሄ ነው› አለኝ። ጎጆ ያሉት የድንች አምራቾችም ከእንግዲህ መንገድ ሲዘጋ መሸጥና ማቆየቱን በዚህ ሊወስኑ ነው።»

ግራፉን አየሁት። ጥቁሩ መስመር የእኔ ደብተር፣ ቀዩ የኮምፒውተሩ ግምት ነው። ሌላ ቦታ ሁለቱ ይጣላሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ግን ቀዩ ጥቁሩ ላይ ተኝቷል። መታጠፊያውን ወዲያው አወቅሁት፤ እንዲያ አድርጌ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ እዚያ ላይ የተማረው የእኔን ስሌት ነበር። አማካሪዋ ይህን አላየም፤ ከእኔ በቀር ሊያየው የሚችል ሰውም አልነበረም።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያ ጫኙ ጎልማሳ ነበር። አንድ ጊዜ መንገዱ ተከፍቶ ጎጆ ስደርስ፣ «ኦቦ፣ መኪና ጠፍቶ ድንቹን በግ በላው እኮ!» ብሎኝ ነበር። የዚያን ሳምንት የእኔ ስሌት ዋጋው ረጋ ብሎ እንደሰነበተ ነው የሚናገረው። እሷ ደግሞ ይህንኑ ይዛ ኮሚቴ ፊት ልትቆም ነው፤ እነሱም ይህንኑ አምነው ድንቻቸውን ሊያቆዩ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የኪስ ደብተሮቼን በጆንያ አድርጌ በሚኒባስ ጉደር ሄድኩ። ጆንያው ከጉልበቴ በላይ ከብዶኝ ነበር። በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ኦቦ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

«ሦስተኛ ዲግሪ ነው» አልኩት። ፈትሾ አሳለፈኝ።

መምህርቷ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ሳልቀመጥ ነገርኳት።

«ልጄ፣ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ገበያ አልሄድኩም።»

«እንዴት? ቁጥሩ አለ እኮ።»

«አስልቼ ነው የጻፍኩት።»

«ጠይቄዎት ነበር፣ ጋሼ» አለች። «የመጀመሪያው ቀን ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«በእግሬ ነው አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ላፕቶፑን፣ ከዚያ ጆንያውን። «ስንት ሳምንት ነው?»

«አላውቅም። ትልቁ ደብተር ላይ አይለይም። ሰረዙ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።»

«አይለይም» አለች። በድካም ሳቅ ብላ፣ «ኮምፒውተሩም አልለየውም። ስሌትዎ ጥሩ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ጥሩ ነበር» አልኳት፤ እውነት ነውና።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለአማካሪዋ ደወለች። የተናገረችውን አልሰማሁም፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ጥናቱን የምታቀርበው በሚቀጥለው ሴሚስተር ሆነ። ዋናው ግኝት የተባለው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ለጎጆ ድንች አምራቾች ራሷ ሄዳ እንደምትነግራቸው ነገረችኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት፤ «መንገዱን ይችሉታል?» አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ መንገድ የማልችለው!

ከዚያ ጆንያውን ፈታን። ደብተሮቹ ሻግተዋል፤ አንዳንዱን አይጥ በልቶታል። እኔ ከኪስ ደብተሩ እየፈለግሁ አነባለሁ፤ እሷ በትልቁ ደብተር ላይ ያንን ሳምንት በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛለች፤ ከዚያ ከላፕቶፑ ላይ ታጠፋለች። ያ ቀይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ላይ ሲያልፍ ማየት ከባድ ነበር። አንዱ ቦታ ላይ «ዝናብ። ከድልድዩ ተመለስኩ» ይላል። ሌላው ላይ «መኪና የለም» ብቻ።

የመጀመሪያውን ስታጠፋ የላፕቶፑን ፊት እያየሁ ጠበቅሁ። ቀይ ጽሑፍ አላወጣም። ሣጥኑ ባዶ እንደሆነ ቀረ፤ ኮምፒውተሩም ዝም አለ።

«ይቀበላል?» አልኳት።

«ይቀበላል፣ ጋሼ። ቀጣዩን ይበሉኝ።»

መነጽሬን ጠረግሁ። ጆንያው ገና ግማሽ አልደረሰም።

«ጎጆ» አልኳት፤ «የሚቀጥለውም ሳምንት የለም።»