የዘገየው ምርቃት

አፌ አያርፍም። ወልድያ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለአረጋውያን መኖሪያው ኮሚቴ ስመረጥ እንኳ «እሷ ካለችማ ማን ያንቀላፋል» ብለው ስቀውብኛል። እውነታቸውን ነው። ሾርባው ቀጠነ፣ ብርድ ልብሱ ሳሳ እያልኩ ለጧሪ አልባዎቹ ስሟገት ሰው አሰለች ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ እኛም እንደ ሰዉ በመርሳ በኩል እግሬ አውጪኝ አልን። አረጋውያኑን እዚያው የቀሩት ጎረቤቶች ተካፍለው ጠበቁልን፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ስንመለስ ሰዎቹ ደህና ናቸው፤ አልጋና ፍራሹ ግን የለም። ኮሚቴው መከረና ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይሂድ አለ። መጀመሪያ የተነሳው የአንዲት ዓይነ ስውር እናት ነገር ነበር፤ ግራና በምትባለው ከተማ የወንድማቸው ልጅ ተገኝቷል።

እኒህ እናት ሙስሊም ናቸው። አብረዋቸው የሚኖሩት አሮጊት ደግሞ ክርስቲያን። ክርስቲያኗ የውዱእ ውሃ ይቀዱላቸዋል፣ እጃቸውን ይዘው ፀሐይ ያሞቋቸዋል፤ ዓይነ ስውሯ በፋንታቸው ሲያጫውቷቸው ይውላሉ። ሄጄ ብጠይቃቸው የወንድማቸውን ልጅ አመሰገኑ፣ ዱአ አደረጉለት፣ ግን መሄድ አልፈለጉም። እዚህ ግድግዳውን በእጃቸው ያውቁታል። ደግሞስ ጓደኛቸውን ማን ሊያጫውትላቸው ነው?

ይህን ይዤ ሰብሳቢያችን ጋ ሄድኩ። የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ትዕግሥተኛ፣ ክፋት የሌለበት ሰው። ለእሳቸው ብለን እኮ ነው፣ ወገን ያለው ሰው እዚህ ምን ያደርጋል አለኝ። ጮህኩበት። ሻይ አዘዘልኝ።

በእኛ አገር ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትም። ከአረጋውያኑ አንዱ ይጠራሉ፣ ይመርቃሉ፣ አሚን እንላለን፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ተመርተው ይሄዱና ስለ እነሱ እኛ እንወስናለን። ይህ ነገር ሁሌ ያንገበግበኝ ነበር። የእሳቸው ነገር በሚቋጭበት ስብሰባ ሰብሳቢው ያስጠራው እኒያኑ እናት ነው፤ ምርቃታቸው መሬት ጠብ አይልም ይባላል። ጓደኛቸው እየመሩ አምጥተው አስቀመጧቸው። መዳፋችንን ዘረጋን። እሳቸው ግን መዳፋቸውን አልከፈቱም።

ሰብሳቢው «እናታችን፣ ይመርቁን እንጂ» አለ።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ጉዳያችሁን ጨርሱ። እስከ ዛሬ የመረቅኩት ቤቴ ነው ብዬ ነው። የሰው ቤት ከሆነ ባለቤቱ ይመርቅ።»

መዳፋችን እንደተዘረጋ ቀረ። ያልተመረቀበትን እጅ ማን ደፍሮ ያጥፋል? በመጨረሻ ሰብሳቢው እጁን አወረደና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። እስከዚያ ቀን ከኮሚቴው ከእኔ በቀር የጠየቃቸው አልነበረም። መቅረት እንደሚፈልጉ ነገሩት። ፍራሹስ ቢላቸው ከጓደኛቸው ጋር ሰሌን ላይ እንተኛለን፣ ድሮስ ፍራሽ ላይ ተወልጃለሁ ወይ አሉት። ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። እሳቸው እንዲቀሩ፣ ሌላውም ሳይጠየቅ እንዳይሄድ እዚያው ፊታቸው ተወሰነ።

ያን ጊዜ መዳፋቸውን ከፈቱ።

«ከቤታችሁ አያውጣችሁ። ከወጣችሁም የሚያስጠጋችሁ አያሳጣችሁ።»

እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ በዚያው ዓመት በሰው ቤት ወለል ላይ ያደርን ነን። ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ አሚን አለ። እኔ፣ አፈኛዋ፣ አሚን ማለት አቅቶኝ አለቀስኩ።