መቶ አሥራ ሁለት እስኪመጣ

ኔቪል ትሬዌላ በቤንዲጎ ከተማ ዕድሜ ልኩን የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ፌርማታ ዘሎ አያውቅም። የሚሳፈር ልጅ ኖረም አልኖረም ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ነፋሱን አሳፍሮ ይዘጋል። ልጆቹ በሳቅ ይሞቱ ነበር። እሱ ግን ተራ ተራ ነው ባይ ነው፣ አለቀ። ጡረታ ሲወጣ ይህን ጠባዩን ከአውቶቡሱ ቁልፍ ጋር አስረክቦ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደግ ነበር፤ ግን ይዞት ቤት ገባ።

ፊልም መሰብሰብ የጀመረው ሳያስበው ነው። ሚስቱ ሞሪን ያገለገለ ልብስና ዕቃ ወደሚሸጥበት የቤተ ክርስቲያን ሱቅ ሹራብ ልታይ ገባች፤ እሱም ውጭ መቆም ሰልችቶት ተከተላት። እጀታቸው ከተሰበረ ስኒዎች መሀል አንድ የዲቪዲ ሳጥን አነሣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሽማግሌ በበረዶ ውስጥ በር ተሸክሞ ይሄዳል። በር ብቻ፤ አካባቢው ላይ ቤት የሚባል ነገር የለም። ይህ ሰው በሩን ወዴት ነው የሚወስደው? ኔቪል ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰካበትና ገዝቶት ሄደ።

ሳጥኑን ያወጣው በሜልበርን ያለ ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ ሲኒማ ቤቶች የረሷቸውን የድሮና የሩቅ አገር ፊልሞች እየፈለገ፣ አሳምሮ እያሸገ፣ በየሳጥኑ ጀርባ ተራ ቁጥር እየሰጠ ይሸጣል። ቁጥሩን ሲያይ የኔቪል ነገር አበቃለት። ከአንድ ጀምሮ መግዛት፣ ከአንድ ጀምሮ ማየት ሆነ ሥራው። የልጃቸው መኝታ ቤት የነበረው ክፍል ዙሪያውን መደርደሪያ ሆነ።

"ልጅህ ለገና ሲመጣ የት ሊተኛ ነው?" አለችው ሞሪን።

"ከስልሳ እስከ ሰማንያ ካሉት ሥር ቦታ አለ" አላት ሳይስቅ።

የፊልም አዋቂ ነው ብዬ አላሞካሸውም። የሚያውቀው መጠየቅ ብቻ ነው። ያቺ ሴትዮ ዓሣውን ለምን ከጅራቱ ጀምራ በላችው? በዚያ አገር ሰው ሲሞት መስኮት የሚከፍቱት ለምንድን ነው? ቁርስ ላይ ሞሪንን ይነዘንዛታል። "እኔ ምኑን አውቄው፣ ዳቦህን ብላ" ትለዋለች፤ ዕቃ ስታጥብ ግን እሷም ስለ መስኮቱ ታስባለች።

ታዲያ መቶ አሥራ ሁለተኛው በወጣበት ሳምንት ኔቪል ዳሌውን ታክሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዚያው ሳምንት የባለቤትነት ክርክር ተነሣና ኩባንያው ፊልሙን ከየሱቁ ሰብስቦ ወሰደ። ኔቪል በክራንች እያነከሰ ሲደርስ ቦታው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ሁሉ ገዝቷል፤ ግን አንዱንም አላየም። መቶ አሥራ ሁለት ሳይታይ መቶ አሥራ ሦስት እንዴት ተደርጎ? መደርደሪያው ላይ የአውራ ጣት ውፍረት የምታህል ክፍተት ተወለት። ከክፍተቷ በስተግራ ያሉት የታዩ ናቸው፤ በስተቀኝ ያሉት ላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ሌሎች ሰብሳቢዎች ሲሰሙ "ጨዋ ሰው" እያሉ ያደንቁታል። እነሱስ ከእሱ በምን ይሻላሉ።

አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት አይቪ ማስኬል ትባላለች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ትኖራለች። የሎሚ ዛፏ ሲያፈራ ለሞሪን በአጥር ላይ ታቀብላታለች። አንድ ቀን ሎሚው ሲቀባበል፣ ሞሪን አቧራ ስታራግፍ ያየችውን አወራቻት፤ ከታሸጉት ፊልሞች በአንዱ ሽፋን ላይ የከተማቸው ትራም አለ።

"የትኛው ትራም?" አለች አይቪ።

"የድሮው። ጥቁርና ነጭ ነው። በስልሳዎቹ እዚህ የተቀረጸ ይላል።"

አይቪ የቀረውን ሎሚ አጥሩ ላይ ትታ፣ ዞራ በበሩ ገባች። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከኔቪል ፊት ለፊት ተቀምጣ ሻይ እስኪቀዳላት እንኳ አልጠበቀችም።

"ወንድሜ አልቢ አለበት" አለች። "መንገዱን ዘግተው ሰዉን ሁሉ ሲያቆሙት፣ እሱ 'የምሳ ሰዓቴ ነው' ብሎ በሳይክሉ መሀላቸው ገባ። ዳይሬክተሩ ሰድቦ ለሰዳቢ ሰጠው። ግን ፊልሙ ላይ ተዉት አሉ። እኛ አላየነውም፤ ፊልሙ እዚህ ሳይደርስ ተረሳ። አልቢም በዓመቱ ኤቹካ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ።"

"ፎቶ የለሽም?" አላት ኔቪል።

"አንድ አለኝ፣ ሠርጌ ላይ የተነሣው። ዓይኑን ጨፍኗል።" ሻይዋን አማሰለች። "የኔም ዓይን እየሄደ ነው፣ ኔቭ። መሀሉ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይቀርልሻል ብሎኛል ሐኪሙ። መድኃኒትም የለውም። አሁን ትንሽ ጭጋግ ነው፣ ፊትህ ይታየኛል። ስለዚህ ቶሎ ባየው ደስ ይለኛል።"

ሳጥኑ ቁጥር መቶ ሠላሳ ነው። ኔቪል ራሱን አከከ።

"ምንም ችግር የለም። ሆባርት ከተማ ያለ ሰውዬ መቶ አሥራ ሁለትን ሊልክልኝ ነው። እንደመጣ እሱን አያለሁ፣ ከዚያ መሀል ያሉትን ቶሎ ቶሎ አይና..."

"ሰውዬ!" አለች ሞሪን። "እሷ የምትጠይቅህ አንዱን ነው፣ እሱኑ አታሳያትም?"

"ተራ አለው፣ ሞ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።"

"ተራህን ይዘህ ገደል ግባ።"

አይቪ ግን "ግድየለም፣ እጠብቃለሁ" አለች። የዚያ ዘመን ሰው ሁለቴ አይለምንም። ኔቪልም የምሯን ነው ብሎ አመነ፤ ማመኑ ይመቸው ነበርና።

የሆባርቱ ዕቃ መጣ። ኔቪል እጁን ታጥቦ፣ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ላስቲኩን በቢላዋ ጫፍ ገፈፈው። ሽፋኑ ትክክል ነው፣ ቁጥሩም ትክክል ነው። ውስጡ ያለው ዲስክ ግን የጎልፍ ትምህርት ለጀማሪዎች ሆኖ ተገኘ። የሆነ ተንኮለኛ ሳጥኑን መልሶ አሽጎ ሸጦታል። ሞሪን ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ኔቪል ሁለት ቀን ሰው አላናገረም፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ፍለጋ ጀመረ። ስለ አይቪ ያስብ ነበር፣ አላሰበም አልልም። ግን ሳጥኑን አንሥቶ ያየዋል፣ በጣቱ ላስቲኩን ይዳብሰዋል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ይቃጠላል፣ ከዚያ መልሶ ቦታው ያስቀምጠዋል።

በልጉ አልፎ ክረምት ገባ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኔቪል የቆሻሻ ገንዳውን እየጎተተ ሲወጣ አይቪ በሯ ላይ ቆማለች። ሰላም አላት። እሷም ሰላም አለችው፤ ፊቷን ግን ወደ አጥሩ አዙራ ነበር።

"አጥሩ ምን ሆነ?" አላት፤ ጣውላ የወለቀ መስሎት።

"አጥሩማ ደህና ነው። አንተን እያየሁህ ነው" አለች። "ትክ ብዬ ሳይህ ትጠፋለህ። አጥሩን ሳይ ትመጣለህ።"

ይህን የተናገረችው ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ ነበር። ኔቪል ገንዳውን መሀል መንገድ ላይ ትቶት ገባ። ዳሌው እየጠዘጠዘው ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ ቁጥር መቶ ሠላሳን መዘዘ፣ ቢላዋ እንኳ አልፈለገም፤ ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ሞሪን በር ላይ ቆማ አየችው። ሄዳ አይቪን በክንዷ ይዛት መጣች።

ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ትራም ትጠብቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኔቪል ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የሚጠብቀው ሳይክሉን ብቻ ነው። ትራሙ መጣ። ከግራ በኩል አንድ ወጣት በሳይክል ሰንጥቆ አለፈ።

"ይኸው!" አለ ኔቪል።

"የቱ ጋ?" አይቪ አንገቷን ወደ ፊት አሰገገች። "ያለፈ ነገር አለ እንዴ?"

መለሰው። አሁንም አላየችም። ዳግመኛ ሲመልሰው አይቪ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ አዙራ የመስኮቱን መጋረጃ አየች።

"አዎ፣ አሁን መጣ" አለች ቀስ ብላ። "ሳይክሉን ያዘነብለዋል። እሱ ነው። ፊቱ ግን የለም።"

ኔቪል ምስሉን በሪሞቱ አቆመና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ምን ይታይሃል?" አለችው፣ መጋረጃውን እያየች።

"ካልሲው ወርዷል። የግራው።"

"ሁልጊዜ ይወርድበታል። ፊቱስ?"

"ይስቃል። ወደኛ እያየ ይስቃል።"

"ዓይኑስ፣ ኔቭ? ጨፍኗል?"

"ኧረ አልጨፈነም። ሁለቱም ወለል ብለው ተከፍተዋል።"

አይቪ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሞሪን ሻይ ላፍላ ብላ ተነሥታ ወጣች፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኔቪል እንደተንበረከከ ዞረ። አፈረ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

"ያኔ የጠየቅሽኝ ዕለት ብከፍተው ኖሮ ታዪው ነበር፤ አይደል?"

ግድየለም ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን "አዎ፣ አየው ነበር" አለችው።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ፈለገችና ያዘችው።

"በል አሁን መልሰው" አለች። "ከትራሙ ጀምረህ፣ ምንም ሳትዘል ንገረኝ።"

ኔቪል ወደ ኋላ መለሰውና ጉሮሮውን ጠረገ። "አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ቆማለች" ብሎ ጀመረ።