ጨው ጨው ያለችኝ ጀልባ

ጅማ መርካቶ ወዳለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ አዴ ዘይነባ ከሸቤ ክንድ የማትሞላ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ይዘው መጡ።

«ሟቹ ባለቤቴ ከምጽዋ ያመጣት ናት። ነገ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ውጪዋን ቫርኒሽ አድስልኝ» አሉኝ።

የድሮውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ጣቴ ውስጧን ነካ። ወዝ አለው። ብቀምሰው ጨው ጨው አለኝ። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን ስጨፍን ቤቱ ከነእንጨቱ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ተሰማኝ። ጨው እንዳይበላት ብዬ ውስጧንም ሙልጭ አድርጌ ፍቄ ቫርኒሽ ቀባኋት።

አዴ ማታ መጥተው አሸተቷትና ውስጧን በጣታቸው ዳሰሱ።

«የባሕሩን ጨው እኮ አጸዳሁልዎት!» አልኩ በኩራት።

«የምን ባሕር? ወላሂ ውሃ ነክቷት አያውቅም! በቅቤና በጨው ጠብሰን የምንበላውን የቡና ፍሬ ለእንግዳ የምናቀርበው በሷ ነው። ነገ ሽማግሌዎቹን በምን ላብላቸው?»