«አንተ» እያለች ፀጉሬን ያጠበችኝ

ፀጉር በደንብ ለመታጠብ ሦስት እጅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ያሻሉ፣ ሦስተኛው ውሃ ያፈሳል። ስልኬ ላይ ስለ ፀጉር አጠባበቅ ያላየሁት ቪዲዮ የለም፣ ይህን ግን ከሚያሳዩት ሴቶች አንዷም አልነገረችኝም። እነሱ ቤት ውሃው ከላይ ብቻውን ይወርዳል። እኔ ዲላ የተከራየሁበት ግቢ ያለው ቧንቧ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ እልል ነው።

እናቴ ካረፈች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን ብቻዬን ታጠብኩ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ እህቶቼ አዲስ አበባ ናቸው። በአንድ እጄ ጆግ አንስቼ በሌላው ስፈትግ ጆጉ አናቴን ይለኛል፣ ውሃው ጀርባዬ ውስጥ ይገባል፣ ሳሙናው ግማሹ እዚያው ይቀራል። ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ተማሪዎቼ ጠመኔ መስሏቸው ያልፉታል። እኔም ጠመኔ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ከሳፋው ጋር ስታገል፣ በዚያው ሰሞን ጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሴት መጥታ ጆጉን ከእጄ ወሰደችው። ከባንኮ ጎቲቲ የመጣች የጌዴኦ ሴት ናት፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች። በዕድሜ ብትበልጠኝ በሦስት ወይ በአራት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«ቆይ ቲቸር፣ እንደዚህ አይደለም። አጎንብስ» አለችኝ።

አጎንብስ! አማርኛን ያወቀችው ትልቅ ሆና፣ ከተማ ከገባች በኋላ ነው። ወንዱና ሴቱ ይምታታባታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሴን ይበላኝ ነበር፣ ሃያ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ የያዘ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የዚያን ቀን ግን ሳላርማት አንገቴን ደፋሁ። እናቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ስታጥበኝ «አንተ» ነበር የምትለኝ። የእናቴ ግን ስህተት አይደለም፣ ማቆላመጥ ነው። «ዓይንህን ጨፍን የኔ ጌታ» ትለኝ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የእኔና የጎረቤቴ ሆነ። መታጠብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ስቀልድ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ፀጉሩ ሳይረጥብ ዘይት ነካ ታደርግና ከጫፍ እየጀመረች በሰፊ ማበጠሪያ ትፈታዋለች። ከሥር የጀመረ ሰው ይነቅለዋል አለችኝ። ውሃው ከቆርቆሮው ጣሪያ ወደ በርሜል የወረደ የዝናብ ውሃ ነው፣ ፀጉር የሚያለሰልሰው እሱ ነው ባይ ናት። ለብ አድርጋ ክርኗ ላይ ጠብ እያደረገች ትሞክረዋለች። ሻምፖው ለራስ ቆዳ እንጂ ለጫፉ አይደለም። በጥፍር መፋቅ የለም፣ በጣት ሆድ ነው የሚታሸው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ ፎጣ ስለሚበጣጥሰው በአሮጌ ነጠላ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ፣ እርጥበቱ ሳይለቅ ለጋ ቅቤ።

አናቴ ላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ መመለጧን የነገረችኝም እሷ ናት። እኔ የት አይቼው! የገዛ አናትን ሰው ነው የሚያይልህ። ሹሩባው እየተወጠረ ነው የነቀለው አለችና፣ ከዚያ ወዲያ ራሷ ላላ አድርጋ ትሠራኝ ጀመር። ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጣቷ እዚያ ቦታ ላይ ቆመ። «አየህ፣ በቅሏል» አለች። እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ለፀጉሩ ይሁን ለ«አየህ» እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። የራሱን አወቅኩ፣ የአፉ ቀረኝ።

ከትምህርት ቤት ሁለት መምህራን ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት ቅዳሜ ነበር። እሷ ሰው መኖሩን አላወቀችም። ከግቢው ሆና «ቲቸር፣ ና! ውሃው ሞቋል፣ ራስህን ልጠብህ» ብላ ተጣራች። እንግዶቼ ተያይተው ሳቁ። አፈርኩ። በምን እንዳፈርኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። በሩ ላይ ወጣሁና፣ ያንኑ የማስተምርበትን ድምፅ አውጥቼ፣ «ና» ለወንድ ነው፣ ለሴት «ነይ» ነው የሚባለው አልኳት። አልበቃኝም። እስቲ በይው አልኳት። «ነይ» አለች። እንደገና አስባልኳት። ጆጉን እንደያዘች፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ ሦስት ጊዜ «ነይ» አለች። አፌን ቁርጥ ያርገው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ትቀራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልቀረችም። ውሃውን እንደ ወትሮው አሙቃ በሬን አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ይምጡ። ልጠብዎት» አለችኝ።

መጀመሪያ የተቀየመች መሰለኝ። ፊቷን አየሁት፣ ቅያሜ የለበትም። ካጎነበስኩ በኋላ ነው የገባኝ። እርስዎ ወንድና ሴት አይለይም። ይህን እኔው ራሴ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ። ሴትዮዋ ከእንግዲህ የማትሳሳትበትን መንገድ ፈልጋ አገኘች፣ በቃ። ያጎንብሱ፣ ይጨፍኑ፣ ቀና ይበሉ። አንድም ስህተት የለውም። ቀይ እስክሪብቶዬ ምን ይላል?

እጇ ያው እጇ ነው፣ ውሃውም ያው ነው። እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ጨዋታችንም አነሰ፣ እርስዎ በሚሉት ሰው ላይ ማን ያሾፋል? ሁለት ቅዳሜ ሥራ አለብኝ ብዬ ዋሸኋትና ፀጉር ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ በጥፍሯ ፍቃኝ ካስክ ውስጥ ከተተችኝ። ጆሮዬ እየተቃጠለ፣ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት የማታስቀና ሴትዮ እያየሁ ቁጭ አልኩ። እናቴ ናፈቀችኝ። ይች ጎረቤቴም፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን፣ እኩል ናፈቀችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ራሴ ውሃ አሙቄ በሯን አንኳኳሁ። እጠቢኝ አልኳት። ነጠላዋን አስቀምጣ ወጣች። ይቅርታ መጠየቅ አስቤ፣ ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር። ስለ እናቴም ልነግራት አስቤ ነበር። ሳጎነብስ ሁሉም ጠፋብኝ። ሻምፖው ግንባሬ ላይ እየወረደ፣ ሳፋውን እያየሁ፣

«እንደ ድሮው አንተ በይኝ» አልኳት።

ጣቷ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ስህተቷን እንዳስታወሱባት ሰው እያፈረች መለሰችልኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።»

አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ውሃ ገባበት። «ይጨፍኑ» አለችኝ፣ ጨፈንኩ። ሦስት ጊዜ አለቀለቀችኝ። ሳሙና የሚባል አልቀረም።