የኮምፓሱ መርፌና የጋለው ብረት

ኮልፌ ውስጥ ሳልፍ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ ዛሬም ያስቆመኛል። በጣሊያን ጊዜ አጎቴ እዚሁ ሰፈር ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እኔም ያኔ ልጅ ሆኜ አብሬያቸው እውል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፓስ የያዘ እንግዳ መጣ። አስተማሪ እንደሆነና ጣሊያኖች እንደሚያሳድዱት ነግሯቸው እንዲደብቁት ለመናቸው።

"ይኼ መርፌ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን የሚዞረው ለምንድነው?" አሉት አጎቴ ሊፈትኑት ኮምፓሱን እያመለከቱ።

"በምድር ሆድ ውስጥ የቀለጠ ብረት ስላለ ነው ጋሼ።"

አጎቴ መዶሻቸውን አስጠጉ፤ መርፌው ዞረ። ከምድጃው ፍም የመሰለ ብረት በጉጠት አውጥተው ሲያስጠጉ ግን ንቅንቅ አላለም።

"የጋለው ካልሳበው የቀለጠው እንዴት ይስበዋል? ማነው የላከህ?"

"መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ነው የነገርኩዎት።"

በሩን አሳዩት። ወደ እኔ ዞረውም "ባንዳ ነው፤ ትንፍሽ እንዳትዪ" አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለጋዜጣ ያነጋገርኳቸውን አንድ የመሬት ሳይንስ ምሁር ይህንኑ ጠየቅኳቸው። የቀለጠው ብረት ራሱ ማግኔት አይደለም አሉኝ፤ በሙቀትና በምድር መሽከርከር እየተናጠ ሲፈስ ግን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መርፌውን የሚያዞረው ጉልበት የሚፈጠረው ከዚያ ነው።

እንግዳው ስለ ብረቱ አልዋሸም። ባንዳም ግን መጽሐፍ ያነባል። ያን ጠዋት ወደ ቀራንዮ ሰፈር ሲያቀና በበሩ ሽንቁር አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።