የተቃጠለው ቀፎና የኦቦ ቶላሳ እርግማን

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከጨለማም ይልቅ የምፈራው የጎረቤታችንን የኦቦ ቶላሳን ተረት ነበር። ብፈራም ግን አልቀርም። ቤታችን ከመቱ ወጣ ብሎ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ያኔ መብራት እኛ ሰፈር አልደረሰም፤ ዝናቡም አንዴ ከያዘ አይለቅም። አመሻሽ ላይ እማዬ ከገበያ እስክትመለስ እሳቸው ምድጃ ዳር እቀመጣለሁ። የሚነደው እርጥብ እንጨት ስለሆነ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ኩራዙ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አግዝፎ ይጥለዋል። ንብ አናቢ ነበሩና ልብሳቸው ሁልጊዜ ሰም ሰም ይሸት ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱን አልረሳም። አንድ ሰው የሌላ ሰው ማር ቆርጦ በላ፤ አፉን ጠርጎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ማንም አላየውም። ጋደም ሲል ግን ደረቱ ውስጥ እንደ ንብ መንጋ የሚጮህ ነገር ሰማ። ሚስቱን «ይሰማሻል?» ቢላት «ምኑ?» አለችው። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ይጮህበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም ይብስበታል። በመጨረሻ ሰው ጥሎ ሶር ፏፏቴ ሥር ገብቶ ኖረ፤ የደረቱን ድምፅ የሚሸፍንለት የውኃው ጩኸት ብቻ ነበርና። ኦቦ ቶላሳ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን በእንጨት ይነካካሉ። እኔም ያኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ።

በእኛ አገር ቀፎ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ጠባቂም ቁልፍም የለውም። ግንዱ ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቆርጧል፤ እሱን ያየ ሰው አልፎ ይሄዳል፤ በቃ። ኦቦ ቶላሳ ጉልበታቸው ደክሞ ከፍ ያለ ዛፍ መውጣት ሲያቅታቸው አንዷን ቀፎ ልጅ እንኳ ተንጠራርቶ ሊደርስባት የሚችል ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሏት። ሰውን አምነው ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንጨት ለቀማ ሄጄ አየኋት። ያን ተረት እያወቅሁ እንዴት እንደደፈርኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ምራቄን እየዋጥኩ ነበር፣ እሱን አስታውሳለሁ። እሳቸው ማር ሲቆርጡ ሣር ለኩሰው ሲያጨሱ አይቻለሁ። ነበልባሉ እንዳይነሳ እርጥብ ቅጠል ጣል እንደሚያደርጉበት ግን ልብ አላልኩም። ከቤት በኪሴ የያዝኩትን ክብሪት ጫርኩ። ደረቁ ሣር ቦግ አለና ቀፎዋ የተጠቀለለችበትን ቅጠል ያዘው። ንቦቹ ሲያልቁ የሚያሰሙትን ድምፅ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። ሁለቱ አንገቴ ላይ ነደፉኝ። ሮጬ ቤት ገባሁ። እማዬ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ «ሳማ ነክቶኝ ነው» አልኳት። አመነችኝ፤ ቅቤ ቀባችኝ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ጥርጣሬውን ዓሊ ላይ ጣለ። ዓሊ በልጅነቱ ከሠፋሪዎች ጋር ከወሎ የመጣ፣ ጫካው ጥግ የሚያርስ ሰው ነው። ማሳውን ሲመነጥር እሳት ይለኩሳል፤ ማስረጃው ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ሽማግሌዎች በሚመጣው ቅዳሜ ተሰብስበው ሊያስምሉት ተስማሙ። «ምን መሐላ አለው፣ መሬቱን ለቆ ይሂድ» የሚልም ነበረ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ዓሊ ራሱ ኦቦ ቶላሳ ዘንድ መጣ። እኔ እንደ ልማዴ ምድጃው ዳር ነበርኩ።

«ጋሼ ቶላሳ፣ እኔ እንኳን ንብ ላቃጥል ዝንብ ከገበታዬ ሳባርር የምፈራ ሰው ነኝ» አለና ለመሳቅ ሞከረ። እሳቸው ስላልሳቁ ቀጠለ። «መማሉን እምላለሁ። ከማልኩ በኋላስ ያምኑኛል?»

«ያደረገው ራሱ ያውቀዋል» አሉ ፍሙን እያዩ። «እኔ የእኔን አድርሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ዛፉ ሥር ሄጄ ረግሜያለሁ።»

የድሮ ሰዎች እንደሚያደርጉት ፍም ይዘው ሄደው፣ ከተቃጠለው ቀፎ ሥር አስቀምጠው፣ ውኃ እያፈሰሱበት ነው የረገሙት። «ያቃጠለው እጅ እንደዚህ ፍም ይጥፋ፤ ወልዶ አይሳም» ነው ያሉት።

ዓሊ ክው አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

እሳቸው አንድ እንጨት ወደ ምድጃው ገፉ።

እኔ ያኔ ጆሮዬ ውስጥ የንቦቹ ድምፅ መጮህ ጀምሮ ነበር። እጄን አየሁት፤ የደረቀ መሰለኝ። ደግነት ወይም ለዓሊ ማዘን ያናገረኝ እንዲመስላችሁ አልፈልግም፤ እግዚአብሔር ያያል። ፍርሃት ነው ያናገረኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኳት።»

ዱላ ነበር የጠበቅሁት። ኦቦ ቶላሳ ግን ከመደቡ ተነስተው እንደገና ቁጭ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አንተ?» አሉኝ። «ኢልመኮ፣» ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ምነው ምነው ጠዋት በነገርከኝ!» ሁለቱን እጆቼን ያዙ። ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይል የለ? ሊመርቁኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምራቅ አልወጣም። ደገሙ፤ እምቢ አለ። አፋቸው በድንጋጤ ደርቆ ነበር። ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሚፈሩትም ከራሳቸው አፍ የወጣውን ነገር ነበር።

ዓሊ ነው ተነስቶ ከእንስራው ውኃ በጣሳ ቀድቶ የሰጣቸው። ተጉመጥምጠው መረቁኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩና «አንተን አስቤ ነበር የረገምኩት፤ ስለ ፈጣሪ ይቅር በለኝ» አሉት።

«እንግዲያውስ እኔንም ይመርቁኝ» አለ ዓሊ። «ለእኔ የተላከ ነገር መንገድ ጠይቆ ይመጣብኝ ይሆናል።» ቀልድ ይመስላል፤ ራሱን ግን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ቅዳሜ ኦቦ ቶላሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው ዓሊ እጁ እንደሌለበት ተናገሩ፤ ዓሊም ሳይምል ወደ ማሳው ተመለሰ። እማዬ ስትሰማ ገረፈችኝ፤ ግርፋቱ አልከበደኝም።

የከበደኝ ከአንድ ወር በኋላ ወባ ሲይዘኝ ነው። ኦቦ ቶላሳ በየጠዋቱ ደጃችን ቆመው «አደረ?» ይላሉ። እማዬ «ይግቡ እንጂ» ስትላቸው «በምን ፊቴ» ይላሉ። ተኝቼ እሰማቸዋለሁ፤ እንዲያ በፈሩ ቁጥር እኔም ልሞት ነው ማለት ነው እያልኩ ብርድ ልብሱ ውስጥ እቀበራለሁ። በጤና ጣቢያው ክኒንና በእግዚአብሔር ምሕረት ዳንኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሳገኛቸው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። መቱ ከተማ እንጨት ቤት በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ልጆችም ወልጄ ስሜያለሁ፣ ተመስገን። ያኔ የሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ያ የደረቀ አፍ ግን አልጠፋም። ስናደድ፣ ልጄን እንኳ ስቆጣ፣ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ይታየኛል። መጽሐፉ ስለ ምላስ የሚለውን በስብከት ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

በቅርቡ ምሳ ሰዓት ላይ አብሮኝ የሚሠራው ወንድም ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፈተ። አብረን የምንጸልይ፣ ደግ ሰው ነው። አንድ ሰው እየጮኸ የሌላ ወገን ሰዎችን ይረግማል፤ ዘራቸው ይጥፋ፣ ቤታቸው ይዘጋ ይላል፤ ከሥሩ ሰው ሁሉ አሜን፣ አሜን ብሎ ጽፎበታል።

«አንተም በል እንጂ» አለኝ።

«እነማን እንደሆኑ አላውቅማ።»

«ባታውቃቸውስ? ክፉዎች ናቸው ተብሏል እኮ። ምን ያስፈራሃል?»

ላስረዳው ብዬ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እርግማን ሲወጣ ፊት አያይም፤ የሚያርፍበት ልጅ የራሳችን ምድጃ ዳር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ልለው ነበር፤ አፌ ደረቀብኝ። እሱ እየሳቀ ስልኩን ዘረጋልኝ። አሜን ለማለት አንዲት ጣት ብቻ ትበቃለች። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።